በቅሎ ለምን አትወልድም? የሕዋስ ክፍፍል የገባው ሰው ቢያስረዳን

የባንጃው

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ረዘም ካለ ታገሡኝ።

እኔ የእንጅባራ አካባቢ ልጅ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። ሰሞኑን የሕዋስ ክፍፍል ላይ ደርሰዋል። ማታ ማታ አስጠናታለሁ። ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ ብላ አንድ ሳታዛንፍ ትወርደዋለች። "እሺ፣ ይሄ ሁሉ ለምን ይሆናል?" ስላት ግን ዝም አለች። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቀውም። በጊዜዬ ለፈተና ሸምድጄ ነው ያለፍሁት።

አያታችን እሳት ዳር ተቀምጠው ይሰሙናል። ዕድሜ ልካቸውን ባዝራ ከአህያ እያስጠቁ በቅሎ ያረቡ ሰው ናቸው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ቤታችን እንግዳ አይጠፋበትም፤ ሁሉም ስለ ፈረስና ስለ በቅሎ እሳቸውን ነው የሚጠይቀው። ያን ማታ ግን ጠያቂው እሳቸው ሆኑ። "ይሄ የምታነቡት ነገር በቅሎ ለምን እንደማትወልድ ይናገራል?" አሉን። እኔና እህቴ ተያየን።

በቅሎ ብርቱ ናት። ገደል ትወጣለች፣ ሸክም ትችላለች፣ ብዙ ዓመት ትኖራለች። አካሏ ምንም አልጎደለው። ታዲያ ምን ሆና ነው የማትወልደው? ከሕዋስ ክፍፍል ጋር ይገናኛል? ለእሳቸው በሚገባ አነጋገር የሚያስረዳን ካለ እባካችሁ።

መምህርት ከማርቆስ

የባንጃው፣ መጀመሪያ አያትህን እጅ ንሣልኝ። ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። እንዲህ ልክ ቦታው ላይ ያረፈ ጥያቄ ግን ብዙ አልገጠመኝም። አዎ፣ ነገሩ ከነሥሩ የሕዋስ ክፍፍል ጉዳይ ነው።

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራው ከሕዋስ ነው። አዲስ ሕዋስ ደግሞ ከነባር ሕዋስ እንጂ ከሌላ ከየትም አይመጣም። ይህን ሩዶልፍ ፊርሆ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በፈረንጆች 1855 ጽፎታል። አንተም፣ በቅሎዋም፣ ደጃፋችሁ ያለው ዋንዛም ጅማሬያችሁ አንዲት ሕዋስ ናት። አንዷ ሁለት ሆነች፣ ሁለቷ አራት፣ እንዲህ እየተባለ።

ሕዋሷ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ ክሮች አሉ። አካሉ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈው እነሱ ላይ ነው። ሰው 46 አለው። በግ 54፣ ላምና ፍየል 60፣ ጤፍ 40፣ ሽንኩርት 16፣ ባቄላ 12። ቁጥሩ ከክብርም ከትልቅነትም ጋር አይገናኝም፤ ድንች 48 ነው፣ ከእኛ በሁለት ይበልጣል።

አሁን ክፍፍሉ። እናቶቻችን ሲፈትሉ አይታችሁ የለ? ክሩ ሜዳ ላይ ከተዘረጋ ይወሳሰባል፤ ስለዚህ ልቃቂት አድርገው ይጠቀልሉታል። ሕዋስም እንደዚያው ታደርጋለች። በአንዲት የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ክር ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። እንደተዘረጋ ለሁለት እንክፈለው ቢባል ይበጣጠሳል። ፕሮፌዝ ማለት ይሄ መጠቅለል ነው። ሜታፌዝ ላይ የተጠቀለሉት መሐል ላይ ይሰለፋሉ። አናፌዝ ላይ ቀድመው የተገለበጡት ቅጂዎች ተለያይተው ወደ ሁለቱ ጫፍ ይሳባሉ። ቴሎፌዝ ላይ በየጫፉ አዲስ ኒውክለስ፣ ማለትም የክሮቹ ማደሪያ፣ ይሠራል፤ ከዚያ የሕዋሷ አካል ራሱ ለሁለት ይለያል። የሚስባቸውን ነገር መጽሐፉ ስፒንድል ይለዋል። እንዝርት ማለት ነው! ቅርፁም መሐሉ ወፍራም፣ ሁለቱ ጫፍ ቀጭን ነው። ይህ ክፍፍል ማይቶሲስ ይባላል፤ ስሙ ራሱ የመጣው ክር ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ስሙን ያወጣው ዋልተር ፍሌሚንግ ነው፤ በፈረንጆች 1882 ባሳተመው መጽሐፉ ክፍፍሉን የሳላማንደር ሕዋስ ላይ እያየ በሥዕል ጭምር አስፍሮታል።

ለእህትህ አንድ ነገር ንገርልኝ። ልጆች ሁልጊዜ የሚሳሳቱበት ነው። ክሮሞዞሙ የሚገለበጠው በእነዚህ በአራቱ ደረጃዎች መሐል አይደለም። ቀደም ብሎ ነው፣ ኢንተርፌዝ በሚባለው፣ ሕዋሷ ዝም ያለች በሚመስለን ጊዜ። ዋናው ሥራ ያለቀው እዚያ ነው።

ወደ በቅሎዋ እንምጣ። ፈረስ 64 ክሮሞዞም አለው፣ አህያ 62። ባዝራዋ ለልጇ የምትሰጠው ግማሹን ነው፣ 32። አህያው 31። ሲደመር 63። በቅሎ 63 ይዛ ነው የምትኖረው።

ሰውነቷ ሲያድግ፣ ቁስሏ ሲሽር፣ ኮቴዋ ሲበቅል የምትጠቀመው ማይቶሲስን ነው። እያንዳንዱ ክሮሞዞም አስቀድሞ ራሱን ይገለብጣል፣ በማይቶሲስ ቅጂው ይለያል። ጓደኛ አይፈልግም። 63 ይሁን 64 ግድ የለውም። ስለዚህ አካሏ ሙሉ ነው።

እንቁላል ወይም የወንድ ዘር የሚሠራው ግን በሌላ ዓይነት ክፍፍል ነው፣ ሚዮሲስ ይባላል። ሥራው ቁጥሩን በግማሽ መቀነስ ነው። በትክክል ለመቀነስ ከእናት የመጣው ከአባት የመጣውን አቻውን ፈልጎ ጎን ለጎን መተኛት አለበት። ከዚያ ነው የሚለያዩት። የፈረስና የአህያ ክሮሞዞም በቁጥርም በአሠራርም ይለያያል። አቻ ፍለጋ ሲሄዱ ልክ የሚሆናቸውን አያገኙም። ሥራው መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፣ እንቁላሉ ሳይሠራ ይቀራል። በዓለም ላይ የወለደች በቅሎ ተመዝግባ ታውቃለች፤ እጅግ አልፎ አልፎ ነው እንጂ።

"በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች" ይባል የለ? እናቷ ባዝራ ናትና እውነቷን ነው። አባቷን ግን ብትጠራ ኖሮ ያያትህ ጥያቄ ያኔውኑ ይመለስ ነበር።

የባንጃው

መምህርት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁኑኑ አነበብሁላቸው። እንዝርቱ ጋ ስደርስ አያቴ ሴቷ ከጓዳ ወጥተው ቆመው ሰሙኝ። ወንዱ አያቴ ደግሞ ትንሽ አሰቡና "እንግዲያ ለራሷ በቂ ናት፣ ለሌላ ግን የምታካፍለው የላትም" አሉ።

የሞጣ ተማሪ

መምህርት፣ አንቱን መጠየቅ እፈራለሁ ግን ልጠይቅ። ለምን ሁለት ዓይነት ክፍፍል አስፈለገ? በማይቶሲስ ብቻ ልጅ መውለድ አይቻልም ነበር?

መምህርት ከማርቆስ

ምን ያስፈራል ልጄ። እንቁላሉም 46፣ የአባት ዘርም 46 ቢይዝ ልጁ 92 ይሆናል። የልጅ ልጁ 184። እንዲህ እየተባዛ ከሄደ ሕዋሱ ተጨናንቆ ሥራ ይፈታል። ሌላም አለ። አቻዎቹ ጎን ለጎን ሲተኙ ቁራጭ ይለዋወጣሉ። የአንድ እናትና አባት ልጆች አንዱ ጠይም፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ረጅም የሚሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በማይቶሲስ ብቻ የሚራቡም አሉ፤ እሱን የግብርና ሰዎች ቢነግሩህ ይሻላል።

የአዴት ባለሙያ

ጠራችሁኝ መሰለኝ። የተክሎች በቅሎ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ሙዝ። የምንበላው ሙዝ 33 ክሮሞዞም አለው፣ 11 በ3። ብዙው ተክል ሁለት ሁለት ሲይዝ እሷ ሦስት ሦስት ይዛለች። ሦስት ሰው ጥንድ ጥንድ ሁኑ ቢባል አንዱ ይተርፋል። ሚዮሲሱ ይፋለሳል፣ የሚዘራ ፍሬ የለም። ስትቆርጧት መሐሏ ላይ የምታዩት ጥቋቁር ነጠብጣብ ፍሬ ሊሆን አስቦ የቀረ ነው። ስለዚህ ከሥሯ የሚወጣውን ችግኝ ነቅለን ነው የምንተክለው። ያ ማይቶሲስ ነው። ልጅየዋ የእናትየዋ ቅጂ ናት።

ድንችም እንደዚያው። የእናንተው የባንጃና የአዊ ገበሬ ድንቹን ራሱን ይተክላል፣ ትልቅ ከሆነም ዓይን ዓይኑን እየለየ ይቆርጠዋል። አንድ ማሳ ሙሉ ድንች አንድ ተክል ነው ማለት ይቻላል። ጥሩ ከሆነ ሁሉም ጥሩ ነው። በሽታ የማይችል ከሆነ ግን ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚወድቀው። አየርላንድ በፈረንጆች ከ1845 ጀምሮ የደረሰባት ይኸው ነው። አብዛኛው ደሃ ሕዝብ በጥቂት የድንች ዓይነት ላይ ተንጠላጥሎ ነበር። የቅጠል በሽታው ሲገባ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰው በረሃብና በረሃብ በመጣ በሽታ አለቀ። ድንች ለሚተክል ወንድሜ ሁሌ የምለው አንድ ነው፦ ከታመመ ማሳ ዘር አትያዝ። ቁራጩ ይዞት የሚሄደው መልኩን ብቻ አይደለም።

ጤፍን ደግሞ ስሙኝ፣ ይሄ ልቤን የሚነካ ታሪክ ነው። የጤፍ አበባ ከማነሷ የተነሣ በዓይን ለማየት ታስቸግራለች። ራሷን በራሷ ነው የምታዳቅለው። ሁለት የጤፍ ዓይነት ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተትቶ ነበር። በፈረንጆች 1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባዋ ማለዳ ላይ ለጥቂት ጊዜ እንደምትከፈት አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ማለዳ ተነሥተው፣ በማጉያ መነጽር እያዩ የአበባ ዱቄት ከአንዷ ወስደው ወደ ሌላዋ ማሻገር ቻሉ። የሁለቱ ወገን ክሮሞዞም በአንድ ተክል ውስጥ ተገናኘ፤ ቀጥሎ ሚዮሲስ ሥራውን ሠራ፣ ቀላቅሎ አዲስ ዓይነት አወጣ። ገበሬው ዛሬ የሚያውቀው ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዓይነት የዚያ ፍሬ ነው። ጎጃም ውስጥ ነጭ ጤፍ የሚዘራ ሰው ያቺን የማለዳ ደቂቃ ሊያውቃት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የቡሬው

ድንቅ ነው። እኔ ደግሞ የሰው ሕዋስ በየሰባት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ እንደሚቀየር ሰምቻለሁ። ሰው በሰባት ዓመት አዲስ ሰው ይሆናል ማለት ነው አይደል?

ላብራቶሪ ፍኖተ ሰላም

የቡሬው ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ይለዋል፣ ልክ ግን አይደለም። እንደ ቦታው ይለያያል። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በ3 እስከ 5 ቀን ይታደሳል። የላይኛው ቆዳ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ኖሮ ያልፋል፤ እሱ ኒውክለስ ስለሌለው ራሱ አይከፈልም፣ መቅኔ ውስጥ ያሉት እናት ሕዋሶች ናቸው እየተከፈሉ የሚተኩት። በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ! ይህን ጽሑፍ እስክትጨርስ ስንት እንደተሠራ አስበው። የአንጎል ነርቭ ሕዋሶች ግን አብዛኞቹ አይከፈሉም። ከልጅነትህ ጀምሮ አብረውህ ያሉት እነዚያው ናቸው። የልብ ጡንቻም ከመታደስ አይቆጠርም። የልብ ወይም የአንጎል ጉዳት ለመዳን አስቸጋሪ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የእጅህ ቁስል ግን በሳምንት ይሽራል።

እኔ በየቀኑ ክፍፍልን የማየው በጠላት በኩል ነው። ወባ። ዝናቡ ሲያቆም ከደጋ ወርደው ቆላ ሲያርሙ፣ ሲያጭዱ የሰነበቱ ልጆች እየተንቀጠቀጡ ይመጣሉ። ተውሳኳ መጀመሪያ ጉበት ገብታ በሺዎች ትባዛለች። ከዚያ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ትገባለች። አከፋፈሏ ከእኛ ይለያል፦ አካሏን ሳትከፍል ኒውክለሷን ደጋግማ ትከፍላለች፣ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበታተናሉ። ከአንዷ ከ16 በላይ ሊወጡ ይችላሉ። ሕዋሱን አፈንድተው ሲወጡ ነው ብርድ ብርድ የሚለውና ትኩሳቱ የሚነሣው። የተለመዱት ሁለቱ የወባ ዓይነቶች ይህን ዙር በ48 ሰዓት ገደማ ይጨርሳሉ። "ትናንት ደህና ነበርሁ፣ ዛሬ ተነሣብኝ" የሚለው ሰው እውነቱን ነው። ደህና የመሰለው ቀን ተውሳኳ ውስጥ ውስጡን የምትከፈልበት ቀን ነው። እባካችሁ በዚያ ቀን "ተሻለኝ" ብላችሁ ምርመራውን አትተዉ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ።

ዋሸራ ያደገ

እኔ የቅኔ ቤት ልጅ ነኝ፣ ባዮሎጂ ብዙ አልተማርሁም። ግን ስለ መገልበጡ አንድ ነገር ከነከነኝ። ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ዳዊት ሲገለብጥ አይቻለሁ። ዓይኑ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ከዘለለ ቃል ይገድፋል። ኋላ መምህሩ እያነበበ ያርመዋል። ሕዋስ ስትገለብጥ አትሳሳትም? ማንስ ያርማታል?

መምህርት ከማርቆስ

እንዴት ያለ ምሳሌ አመጣህልኝ፣ ከነገ ጀምሮ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ።

ትሳሳታለች። የአንድ ሰው ሕዋስ ስትከፈል የምትገለብጠው 6 ቢሊዮን ገደማ ፊደል ነው። ገልባጩ ራሱ እየሄደ ያርማል፤ የተሳሳተውን ፊደል ነቅሎ ትክክለኛውን ይተካል። ከኋላው ሌላ አራሚ ይከተላል። በመጨረሻ የሚያመልጠው ስህተት ከአንድ ቢሊዮን ፊደል አንድ ገደማ ነው። እንዲያ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ቢኖር ሺህ ዳዊት ገልብጦ አንድ ፊደል እንኳ ላይስት ይችላል።

ከዚያም በየደረጃው ፍተሻ አለ። ክሩ ተጎድቷል? ሙሉ ተገልብጧል? ሁሉም እንዝርቱን ይዟል? ካልሆነ ሕዋሷ ትቆማለች። ፒ53 የሚባል ፕሮቲን አለ፣ እንደ ዘበኛ ነው። ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነ ሕዋሷ ራሷን እንድታጠፋ ያዛል። እነዚህን የቁጥጥር ሥራዎች የገለጡ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ሃርትዌል፣ ሀንት እና ነርስ፣ በፈረንጆች 2001 ኖቤል ተሸልመዋል። ዘበኛው ሲሰናከልና ስህተት ሲከማች ነው ካንሰር የሚመጣው። ካንሰር ከውጭ የገባ ነገር አይደለም፤ "በቃ" መባልን ያቆመች የራሳችን ሕዋስ ናት።

የደጀን ልጅ

ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እናቴ የጡት ካንሰር ይዟት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወስደናት ነበር። የሚንጠባጠበውን መድኃኒት ሁለተኛ ጊዜ ስትወስድ ፀጉሯ ረገፈ፣ አፏ ቆሰለ። ጎረቤት "መድኃኒቱ ነው የሚገድላት" እያለ አስቸገረን። እሷም ልታቆም ነበር። ለምን እንደሆነ ግን በአማርኛ ቁጭ ብሎ የነገረን አልነበረም።

ላብራቶሪ ፍኖተ ሰላም

እህቴ ይሁን ወንድሜ፣ እናትህን/ሽን እግዚአብሔር ይማርልን። ምክንያቱ እዚሁ ያወራነው ነው። መድኃኒቱ በብዛት የሚመታው በመከፈል ላይ ያለን ሕዋስ ነው። አንዳንዱ ግልበጣውን ያቆማል። አንዳንዱ፣ ለምሳሌ ከአንዲት አበባ የተገኘው ቪንክሪስቲን፣ እንዝርቱ እንዳይሠራ ያደርጋል። ካንሰሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈል ይመታል። ግን መድኃኒቱ ጥሩውን ከክፉው በደንብ አይለይም። የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ መቅኔ፣ እነዚህም ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉ ናቸው። አብረው ይጎዳሉ። ሕክምናው ሲያልቅ እናት ሕዋሶቹ እንደገና ይከፈላሉ፣ ፀጉሩ በአብዛኛው ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን አደራ። መቅኔው ሲዳከም ነጭ የደም ሕዋስ ያንሳል። በዚያ ጊዜ ትኩሳት ከመጣ "ያልፋል" ተብሎ ቤት አይታደርም፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ሐኪም ጋ ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ መምህርት ያሉትን ዘበኛ ነው የሚያሰናክለው። አገራችን የዚህን ክትባት መስጠት የጀመረችው በፈረንጆች 2018 ነው፤ ያኔ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር። ትምህርት ቤት ሲመጣ አታስቀሯቸው።

የደጀን ልጅ

ሴት ነኝ። አሁን ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ነው የማነበው። ሕክምናዋን ጨርሳለች፣ ፀጉሯ ሁለት ጣት ደርሷል። እንዝርት የሚለውን ሰምታ "እኔም ፈታይ ነበርሁ" አለች። አመሰግናለሁ።

የባንጃው

ከሳምንት በኋላ ተመለስሁ። መምህርት በውስጥ መስመር የነገሩኝን አደረግን። ሽንኩርት ሥሩን ወደ ታች አድርገን ውኃ በሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ነጫጭ ሥር አወጣ። እህቴ ማለዳ ጫፍ ጫፉን ቆርጣ ትምህርት ቤት ወሰደችው። መምህራቸው በአሲድ አለሰለሱት፣ ቀለም ነከሩት፣ በስላይድ ጨፈለቁት። ተማሪው ሁሉ በአንድ ማይክሮስኮፕ ተራ በተራ አየ።

አብዛኞቹ ሕዋሶች ምንም አይሠሩም ነበር አለች፣ ዝም ያሉ ክብ ክብ ነገሮች። ተራዋ ሊያልቅ ሲል አንዷን አገኘች። ክሮቹ ለሁለት ተለያይተው፣ እንደ ሁለት እጅ ጣቶች ወደየጫፉ እየሄዱ። አናፌዝ! ደብተሯ ላይ ሥላ አመጣችልን። አያቴ ደብተሩን ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት። "ይሄ ነው በቅሎዋ የሚሳካላት?" አሏት። "አዎ አባባ፣ ይሄ ይሳካላታል" አለቻቸው።

አሁን 16ቱን ልቁጠር ብላ አልተሳካላትም፣ ተደራርበው። ባቄላ 12 ብቻ ስለሆነ በእሱ ልሞክር ትላለች። መምህርት፣ ባቄላውን ስንት ቀን ታቆየው?

መምህርት ከማርቆስ

ለበቆልት እንደሚደረገው ነው። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ይደር፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ 3 ወይም 4 ቀን ታቆየው። ጨርቁ እንዳይደርቅባት። ሥሩ የጣት አንጓ ሲያህል ጫፉን ብቻ ትቁረጥ፣ ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የሚከፈሉት እዚያ ነው ያሉት። ስትጨፈልቀው አውራ ጣቷን ሳታንሸራትት ቀጥ አድርጋ ትጫነው፤ የተደራረቡባት ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል።